«ነጭ ውሸት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦

ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ለወላጆች የሚሆን አጭር ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነው። እናትና አባት ለትንንሽ ልጆቻቸው ስለሚነግሯቸው፣ ጉዳት ስለሌለው ውሸት የሚያወራ ነው። እንግሊዝኛው «ዋይት ላይ» ይላል። እኔም «ነጭ ውሸት» ብዬ ጻፍኩት። ጓደኛዬ አንብቦ «ወላጆቹ ምን አድርገውህ ነው እንዲህ የምትሰድባቸው?» አለኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? የራሳችን ቃልስ አለን?

መልስ (ሐረር፣ ጀጎል)፦

ጓደኛህ ልክ ነው፣ ወንድሜ። በአማርኛ ነጭ ውሸት የሚባለው ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። አንድ ባለሥልጣን «ይህ ነጭ ውሸት ነው» ብሎ ሲያስተባብል ቅንጣት እውነት የለበትም ማለቱ ነው። «የነጣ ድሃ» ስንልም እንደዚያው ነው፤ ምንም የሌለው ማለታችን ነው። ስለዚህ ጽሑፍህ እናቶችን ቀጣፊ አድርጓቸዋል።

እንግሊዝኛውን ቁጭ የሚያደርግ አንድ ስም የለንም። እኛ የምንሰይመው ውሸቱን ሳይሆን ልጁ ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው። ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ እናት መሬቱን በመዳፏ ትመታዋለች። «ልጄን ለምን መታህ? እንካ!» ትለዋለች። ልጁ እንባው ሳይደርቅ ይስቃል። ይሄ ማባበል ነው። ማንም ዋሸች አይላትም። ስልኩን ከጀርባ ደብቆ «አሞራ ወሰደው» ማለት መሸወድ ነው። «በእሳት ከተጫወትክ ማታ አልጋህ ላይ ትሸናለህ» ደግሞ ማስፈራራት።

መደለል ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ያስለቀሰኝ ቃል ነው። ልጄ ሦስት ዓመቷ ሳለ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል እግሬ ላይ ትጠመጠም ነበር። «ካራሜላ ገዝቼልሽ አሁን መጣሁ» እላትና ሹልክ እላለሁ። አንድ ቀን ማታ ስመለስ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን አድርጋለች። የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ። ምንም ሳትል እጇን ዘረጋችልኝ። እኔ ካራሜላውን ከነጭራሹ ረስቼዋለሁ። ጉቦ ለሰጠ ሰውም «መደለያ ሰጠ» እንላለን። ቃሉ አንድ ነው። የምትደልለው ሰው የሆነ ነገር እንደሚያገኝ ተስፋ አድርጎ ነው እሺ የሚልህ። ስለዚህ ማባበልንና መደለልን አንድ ላይ አትጠቅልላቸው። የተባበለ ልጅ ለቅሶውን ይረሳል። የተደለለ ልጅ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ጅብ ልምጣ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ሐረር ግን በደንብ ያውቁታል። ሐረሪዎች ዋራባ ይሉታል። በጀጎል ግንብ ሥር እሱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ በእንጨት ጫፍ አድርገው የሚያጎርሱት ሰዎች አሉ። ከጎጃም የመጣች አክስቴ እኛ ቤት ስታድር ልጄ አልተኛም ብላ ታለቅሳለች። አክስቴ «ዝም በይ! አያ ጅቦ መጣልሽ!» አለቻት። ልጅቷ ወዲያው ዝም አለች። ከዚያ «የት አለ?» ብላ ወደ በሩ ሮጠች። «ሥጋ እንስጠው» አለች።

እስኪ ቃሉን ልብ በሉት። ጠላት ሲመጣ «መጣብህ» እንላለን። እንግዳ ሲመጣ «መጣልህ» ነው። አክስቴ ግን ስታስፈራራም «መጣልሽ» ነው ያለችው። ያደግንበት ስለሆነ ጆሯችን «ብ»ውን ከውስጡ ይሰማዋል። ልጄ ግን «ል»ውን እንዳለ ወሰደችው። ጅቡ ለእሷ ነው የመጣው። እኔ ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ ይህ ታይቶኝ አያውቅም።

መልስ (ድሬዳዋ፣ መጋላ)፦

አቦ «መጣልህ» ላይ ያልሽው ደስ አሰኘኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ማስፈራሪያ ሁሉ ውሸት አይደለም። ልጆች ሆነን ደቻቱ ውስጥ አሸዋው ላይ ኳስ ስንጫወት እናቶቻችን «ደራሽ ይወስዳችኋል፣ ውጡ!» ይሉን ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው። የእናት ማስፈራሪያ ይመስለን ነበር። ዝናቡ ግን የሚጥለው ላይ ደጋው ላይ ነው። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ውሃው ከተፍ ይላል። ደራሽ የተባለውም ለዚህ ነው። በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ልጆቼን «ደራሽ ይወስዳችኋል» ስላቸው ድምፄ ይለወጣል። ስለዚህ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለውን ከውሸት ጋር አትቁጠርብን። ማስጠንቀቂያ በለው።

ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ርእሱን «ልጅን ለማባበል የሚነገር ውሸት» አልኩት። ረዘም ይላል፣ ግን ማንንም አይሰድብም። መደለልን ለብቻው አወጣሁት። ደራሽንም ከውሸቱ ተራ አወጣሁ። እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ልጅቷ ካራሜላዋን አገኘች?

መልስ (ሐረር፣ ጀጎል)፦

በዚያው ማታ። ጫማዋን አስተካክዬ አደረግኩላትና አብረን ሄድን። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደረስን።