ልጆቹ ሲሮጡ የሸክላው መርፌ ይዘላል፤ ምን ላድርግ?

ባለ45 (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የወረስኩት ቶረንስ ቲዲ 160 የሸክላ ማጫወቻ አለኝ። አብረውት ወደ አርባ የሚጠጉ ባለ45 ሸክላዎች (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ) አሉ። አብዛኞቹ አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸው ናቸው። አባቴ እያንዳንዱን የገዛበትን ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ጽፎበታል።

የምንኖረው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው፣ ወለሉ ጣውላ ነው። ልጆቼ ሳሎን ውስጥ ሲሮጡ መርፌው ይዘላል። እኔ እንኳ ቀስ ብዬ ሳልፍ መርፌውን የያዘው ክንድ ሲርገበገብ በዓይኔ አየዋለሁ። ሌላው ደግሞ ድምፁን ትንሽ ከፍ ሳደርገው «ውውው» የሚል ነገር ይጀምርና እየባሰበት ይሄዳል። ማጫወቻው ቡፌ ላይ ነው፤ ስፒከሮቹም እዚያው ቡፌ ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ከማጫወቻው ሥር ወፍራም ስፖንጅ አደረግኩበት፣ ጭራሽ ባሰው። አሁን ለጊዜው ብዬ የክንዱ ጫፍ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጫለሁ። ምን ልግዛ? ሸክላዎቹ እንዳይበላሹብኝ ሰግቻለሁ።

የፒያሳው፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ሳንቲሙን አንሳ። ዛሬውኑ። እኔ በወጣትነቴ ሙዚቃ ቤት ሠርቻለሁ። ሳንቲም የተጫነበትን ሸክላ ከመቶ ሸክላ መሃል በጆሮዬ እለየዋለሁ። ቀጫጭኑ ድምፅ ተፍቆ ያልቃል፤ ዘፋኙ «ሰ» ባለ ቁጥር ይሻክራል። አንዴ ከተፋቀ ደግሞ የሚመልሰው ነገር የለም።

እያንዳንዱ መርፌ ፋብሪካው የወሰነለት ክብደት አለው። ለምሳሌ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ የሚባለው መርፌ 2 ግራም ነው፤ ቢበዛ 2.2። የአሜሪካው አንድ ሳንቲም ብቻውን 2.5 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ከእጥፍ በላይ ጭነህበታል ማለት ነው። ትንሽ የመርፌ ሚዛን ግዛ፣ በልኩ አስተካክለው። የቀረውን እዚህ ያሉት ወጣቶች ይንገሩህ።

መሐንዲሷ (ሽቱትጋርት)፦
ጋሼ ትክክል ብለዋል። ወንድሜ፣ ምንም ከመግዛትህ በፊት ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። ከወለሉ ነው ወይስ ከስፒከሮቹ? ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት ነው ያላቸው። እነዚህን ሞክርና ንገረን።

ሞተሩን አጥፋ። ሸክላው ቆሞ ሳለ መርፌውን አስቀምጥበት። ድምፁን ቀስ እያልክ ሁልጊዜ እስከምትሰማበት ድረስ ክፈት፤ እጅህ ከቁልፉ ላይ አይነሳ። ከዚያ ቡፌውን በጣትህ መታ መታ አድርገው። ቀጥሎ ስፒከሮቹን አጥፋና ሸክላውን በጆሮ ማዳመጫ ስማ። ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ይሩጡ።

ባለ45፦
እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ሳንቲሙ ተነስቷል ጋሼ። ቡፌውን በጣቴ ስነካው በስፒከሩ «ዱም፣ ዱም» ይላል፤ በር የሚንኳኳ ነው የሚመስለው። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ ግን ውውውታው የለም። ልጆቹ ሲሮጡ ግን በጆሮ ማዳመጫም ይዘላል።

መሐንዲሷ፦
በጣም ጥሩ። እንግዲህ ሁለት በሽታ ነው ያለብህ። ውውውታው ከስፒከሮቹ ነው። ስፒከሩ ቡፌውን ያነቃንቃል፣ ቡፌው መርፌውን፣ መርፌው ያንኑ መልሶ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካል። እየዞረ ስለሚደጋገም ነው የሚያድገው። ስፒከሮቹን ዛሬ ከቡፌው አውርድ። ወጪ የለውም።

ዝላዩ ከወለሉ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንየው። ያንተ ማጫወቻ ሆዱ ውስጥ ሦስት ሞላ አለው። ሸክላው የሚያርፍበት ሳህንና ክንዱ አንድ ላይ ሞላዎቹ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሞተሩ ከሞላዎቹ ውጪ ነው፣ በቀበቶ ነው የሚያዞረው። ሞላ ንዝረትን የሚያስቀረው ግን ከራሱ መወዛወዝ በጣም ለፈጠነ ንዝረት ነው። በጭነቱ 10 ሚሊሜትር የወረደ ሞላ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። 25 ሚሊሜትር ከወረደ 3 ጊዜ ገደማ። ማዳን የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር 1.4 እጥፍ በላይ ለሆነ ንዝረት ነው። ከዚያ በታች ያለውን እንዳለ ያሳልፈዋል፤ ከራሱ ጋር እኩል የመጣውን ደግሞ ያጎላዋል። ዥዋዥዌን በሰዓቱ ገፋ ገፋ ስታደርገው ከፍ እንደሚለው ማለት ነው።

የሰው እርምጃ በሰከንድ ሁለት ያህል ነው፣ ልጆች ሲሮጡ ሦስት ይደርሳል። ስለዚህ እርምጃቸው ሞላህን በሰዓቱ እየገፋው ነው። የጣውላ ወለል ራሱ ሞላ ነው። አንተ ደግሞ ስፖንጅ ጨመርክ። ሞላ በሞላ ላይ፣ እሱም በሌላ ሞላ ላይ። ለዚህ ነው የባሰው። ስፖንጁን አውጣው። ማጫወቻው ከወለሉ ጭራሽ ይላቀቅ፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

የሚካኤል ልጅ (አዲስ አበባ)፦
እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ማርክ 2 አለኝ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ከታች የወፍጮ ቤት ሞተር አለ። የብስክሌት ከመነዳሪ ትንሽ ነፍቼ፣ ላዩ ላይ የእምነበረድ ቁራጭ ጫንኩና ማጫወቻውን አስቀመጥኩ። የሞተሩ ጉርምርምታ ጠፋልኝ። ለስላሳ ነገር ይሠራል። ወጪውም ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

መሐንዲሷ፦
ላንተ ይሠራል፤ በደንብ አድርገህ ነው የሠራኸው። ያንተ ቴክኒክስ ሆዱ ውስጥ እንደ ቶረንሱ የተንጠለጠለ ሞላ የለውም። ቤትህም ሶሌታ ነው፣ ሲረገጥ አይዋዥቅም። የወፍጮው ሞተር ደግሞ ፈጣን ንዝረት ስለሆነ ከመነዳሪው ያስቀረዋል። የእሱ ቤት ጣውላ ነው፣ ንዝረቱም ቀርፋፋ ነው። ከመነዳሪ የምትሞክሩ ሌሎች ካላችሁ፣ ብዙ አትንፉት። እምነበረዱ ከጠረጴዛው ትንሽ ብቻ ከፍ ሲል ይብቃ። ጢም ካለ እንደ ድንጋይ ይደድራል።

ሹል የብረት እግር ግዛ የሚልህም ይኖራል። ሹል እግር ማጫወቻውን ካስቀመጥክበት ነገር ጋር አጥብቆ ያያይዘዋል እንጂ አይለየውም። ለአንተ ቤት አይሆንም።

ባለ45፦
ገባኝ። ግን ቤቱ ኪራይ ነው። ግድግዳውም ጂፕሰም ነው፣ ይይዘዋል?

አናጺው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ጂፕሰሙን ብቻ አትመነው፣ ይወድቅብሃል። ከጀርባው ያለውን ሞራሌ ፈልግ፤ እዚህ ስተድ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ በየ16 ኢንቹ ነው፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በትንሽ ማግኔት የጂፕሰሙን ብሎን ተከትለህ ታገኘዋለህ። የመደርደሪያው መያዣ ሁለት ሞራሌ ላይ በረጅም ብሎን ይታሰር። የቤቱን የውጪ ግድግዳ ምረጥ፣ በውስጥ በኩል። በር የሚጋጭበትን ግድግዳ ተወው። ስፒከር የተጠጋበትንም እንደዚያው። መደርደሪያው ራሱ ቀላልና ደረቅ እንጨት ይሁን። በውሃ ልክ ሳታይ ብሎኑን አታጥብቅ።

አከራይህን ጠይቀው። አራት ቀዳዳ ነው፤ ስትወጣ ስቱኮ ደፍነህ ትቀባዋለህ። እምቢ ካለ፣ ቡፌውን ከክፍሉ መሃል አንስተህ የወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ጫፋቸው ወደሚያርፍበት ግድግዳ አስጠጋው። እዚያ ወለሉ ብዙም አይዋዥቅም። ሙሉ ፈውስ አይደለም፣ ግን ለውጡን ታየዋለህ።

የፒያሳው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ማጫወቻው ከአገር ወደ አገር ሲጓዝ ሞላዎቹ እንዳይጎዱ የሚታሰሩባቸው ብሎኖች አሉ። ተፈተው እንደሆነ እይ። ከታሰሩ ሞላው የለም በለው። ተፈተው ከሆነ ሳህኑን በጣትህ ጫን አድርገህ ልቀቀው። ቀጥ ብሎ ወደላይና ወደታች መወዛወዝ አለበት። ወደ ጎን ከተንገዳገደ ወይም የሆነ ነገር ከነካ፣ ሞላዎቹ እኩል አልተስተካከሉም።

ባለ45 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
አከራዬ ፈቀዱልኝ። ጋሼ፣ ከሦስቱ ብሎኖች አንዱ እንደታሰረ ነበር! ፈታሁት፣ አሁን ሳህኑ ቀጥ ብሎ ነው የሚወዛወዘው። መደርደሪያውን በውስጥ በኩል የውጪው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ስፒከሮቹን ለየብቻ ማቆሚያ ላይ አደረግኳቸው። ትናንት ማታ ትልቁ ልጄን ሳሎኑ መሃል ዝለል አልኩት። ዘለለ። ክንዱ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ጊዜ አስዘለልኩት፣ ከዚያ ሌላኛውም መጥቶ አብሮት ዘለለ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ድምፁን በጣም ስከፍተው የቤዙ ስፒከር ያለ ድምፅ ወደፊትና ወደኋላ ይላል። የማጫወቻውን ክዳን ዘግቼ ነው የምሰማው።

መሐንዲሷ፦
እንኳን ደስ አለህ። ስታጫውት ክዳኑን አንሳው። ሰፊ ስለሆነ ድምፁን እንደ ከበሮ ቆዳ ይቀበልና ወደ ማጫወቻው ያስተላልፈዋል። ስፒከሩ አሁንም ከተንቀሳቀሰ፣ አምፕሊፋየርህ ላይ «ሳብሶኒክ» የሚል ቁልፍ ካለ ተጫነው። ጆሮ የማይሰማውን፣ ከ20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት) በታች ያለውን ይቆርጠዋል። የተጣመመ ሸክላም እንዲህ ያደርጋል፤ በሌላ ሸክላ ሞክርና አወዳድር።

ባለ45፦
ክዳኑን አነሳሁት። ግማሹ ቀነሰ። ቁልፉም አለ፣ ስጫነው ስፒከሩ ቆመ። ቤዙ ግን አልጎደለም።