ከሥራ ባልደረባ እንዴት ነው የሚሸሸው?

ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ባለትዳርና የልጅ አባት ነኝ። ባለቤቴ በሥራ ዝውውር ጅግጅጋ ናት፤ የምትመጣው ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

ቢሮ አንዲት ባልደረባዬ በጣም ቀርባኛለች። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል «ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ሻይ እንጠጣ» ትለኛለች። እስካሁን ምንም የለም። ግን ስልኬ ላይ ስሟን ሳይ ልቤ ይመታል፤ ያስፈራኝ እሱ ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ 5 ስለ ጋለሞታ ሴት ሲናገር መንገድህን ከእርሷ አርቅ፣ ወደ ደጇም አትቅረብ ይላል። የኛ ጠረጴዛ ግን ጎን ለጎን ነው! ዮሴፍ ልብሱን ጥሎ መሮጡን ሁላችንም እናውቃለን። ዘፍጥረት 39ን ደግሜ ሳነበው ግን የጌታው ሚስት በየቀኑ ስትነዘንዘው እዚያው ቤት ይሠራ ነበር። ከእሷ ጋር መሆንን እምቢ እያለ ሥራውን ይሠራል። እንዴት ቻለው? እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ሥራውን እንዳልለቅ የቤት ኪራይ አለ።

ጳውሎስም ባልና ሚስትን ሰይጣን እንዳይፈትናችሁ ተስማምታችሁ ለጊዜው ካልሆነ አትከላከሉ ይላል (1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5)። እኛ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ተለያይተን ነው የምንኖረው።

ለባለቤቴ ልንገራት ወይስ መጀመሪያ ለንስሐ አባቴ? በዚህ ያለፋችሁ ምን አደረጋችሁ? ልጅቷን ሳላሳፍር ሻዩን እንዴት እምቢ ልበል? እባካችሁ ጻፉልኝ።