ጥቁር አዝሙድ ለአፍንጫ አለርጂ ይሠራ እንደሆነ እንዴት ልፈትሽ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የፋርማኮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቂያ ጥናቴ የጥቁር አዝሙድ ዘይትን በአፍንጫ አለርጂ ላይ መሞከር አስቤአለሁ። ሐሳቡ የመጣልኝ ከእናቴ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲያብብ ጠዋት ጠዋት የማያቋርጥ ማስነጠስ፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ንፍጥና የዓይን ማሳከክ ይይዛታል። እርሷም ጥቁር አዝሙዱን በምጣድ ለብ ታደርግና በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ደጋግማ ታሸተዋለች፤ ጥቂት ቆይታ «ተመስገን፣ አፍንጫዬ ተከፈተልኝ» ትላለች። ዕቅዴ ለ30 ሕመምተኞች ዘይቱን ለአንድ ወር ሰጥቼ ለውጡን መጠየቅ ነበር፤ አማካሪዬ ግን «በአይጥ ጀምሪ» አሉኝ። ከየቱ ልጀምር? ምንስ ልለካ?

መልስ፣ ከፋርማኮሎጂ መምህር

አማካሪዎ ልክ ናቸው። በተለምዶ የሚሠራበት መንገድ አይጦቹን ኦቫልቡሚን በተባለው የእንቁላል ፕሮቲን አለርጂ እንዲይዛቸው ማድረግ ነው፤ ፕሮቲኑ የሰውነትን ምላሽ ከሚያጠናክረው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ተደባልቆ ሆዳቸው ውስጥ በመርፌ ይሰጣል፣ ከሳምንታት በኋላም በአፍንጫቸው ይንጠባጠባል። ከዚያ ስንት ጊዜ እንዳነጠሱና በፊት እግራቸው አፍንጫቸውን ስንት ጊዜ እንዳሹ ይቆጠራል፤ የሚቆጥረው ሰው የትኛው አይጥ ምን እንደወሰደ ማወቅ የለበትም። አለርጂ ያልያዛቸው፣ ይዟቸው ዘይቱ የሚቀላቀልበትን መሟሟያ ብቻ የወሰዱ፣ የታወቀ መድኃኒት የወሰዱና ዘይቱን በተለያየ መጠን የወሰዱ ምድቦች ያስፈልጉዎታል። በደም ውስጥ ያለውን አይጂኢ (የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል)፣ በአፍንጫ ሥጋም ውስጥ የተሰበሰቡትን ኢኦሲኖፊሎች (በአለርጂ ጊዜ የሚበዙ ነጭ የደም ሴሎች) ይለኩ። ብዙ ተማሪዎች ለማቅለል ሲሉ ሂስታሚን (በአለርጂ ጊዜ ሰውነት የሚለቀው፣ ማስነጠስና ማሳከክ የሚያመጣ ኬሚካል) ብቻ አፍንጫ ውስጥ አድርገው ማስነጠሱን ይቆጥራሉ፤ ይህ ግን ዘይቱ ሂስታሚንን ይከላከል እንደሆነ እንጂ አለርጂውን ከሥሩ ይነካ እንደሆነ አያሳይም።

መልስ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም

ማነጻጸሪያ የሌለው የአንድ ወር ክትትል ምንም አያስረዳዎትም፣ ምክንያቱም ሣሩ ሲደርቅ ሕመምተኛው ምንም ሳይወስድም ይሻለዋል። የእናትዎን ቃልም በጥንቃቄ ይያዙት። ሜንቶል የሸተተ ሰው አፍንጫው የተከፈተ ይመስለዋል፤ የአየሩ ፍሰት ሲለካ ግን ለውጥ አይገኝም፣ የተነካው ቅዝቃዜን የሚለይ ነርቭ ብቻ ነውና። ጥቁር አዝሙዱም እንዲሁ እንዳይሆን ስሜትንና የአየር ፍሰትን ለየብቻ ይለኩ። ስሜቱን ለመመዝገብ መታፈን፣ ንፍጥ፣ ማስነጠስና ማሳከክ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይሰጣቸውና ከ12 ይደመራሉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ዘይቱን ማንም ሰው አፍንጫ ውስጥ እንዳያንጠባጥብ። ወደ ሳንባ የወረደ ዘይት የሳንባ ምች ያስከትላል። እናትዎም የጥናቱን ውጤት መጠበቅ የለባቸውም፤ በሐኪም ታይተው የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይ ቢጀምሩ ዛሬ በእጃችን ካሉት መድኃኒቶች ሁሉ የተሻለው እርሱ ነው።

መልስ፣ ከተፈጥሮ ውህዶች ኬሚስት

ከሁሉ በፊት «የትኛው ዘይት?» የሚለው ይመለስ። እናትዎ የሚያሸቱት የሚተነውን ክፍል ነው፤ ተጨምቆ የሚዋጠው ዘይት ሌላ ነገር ነው። ሠራተኛው ውህድ ነው የሚባለው ታይሞኪኖን በብርሃንና በሙቀት ይበላሻል፣ መጠኑም ከዘር ዘር ይለያያል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጭማቂ መጠኑን ለክተው ይመዝግቡ፣ የተክሉንም ናሙና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፀዋት ናሙና ማከማቻ) አስለይተው ያስቀምጡ።

ተስፋ እንዲቆርጡ ግን አልፈልግም። ክሮሞግላይኬት የተባለው የአለርጂ መድኃኒት የአፍንጫ ስፕሬይ መነሻው በግብፅ የሚበቅለው ኬላ የተባለ ተክል ነው። ራሱ አስም የነበረበት ሐኪም ሮጀር አልቱንያን በእንግሊዝ አገር ከተክሉ ውህድ የተወለዱ ኬሚካሎችን ለዓመታት በገዛ ሳንባው ሞክሮ ነው በ1965 እ.ኤ.አ. እዚያ የደረሰው። ባተርበር የሚባለው የአውሮፓ ተክልም በ2002 እ.ኤ.አ. በ125 ሕመምተኞች ላይ ሴትሪዚን ከተባለው የታወቀ የአለርጂ ክኒን ጋር ተወዳድሮ ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል፤ ነገር ግን በዚያ ጥናት ማስመሰያ መድኃኒት (መድኃኒት የሚመስል ግን ፈዋሽ ነገር የሌለበት) የወሰደ ምድብ አልነበረም፣ ተክሉም ጉበትን የሚጎዱ አልካሎይዶች ስላሉበት እነርሱ ሳይወገዱ አይወሰድም። ስለዚህ የአይጦቹን ጉበት ሳይመረምሩ አይለፉ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአይጥ እጀምራለሁ። ወደ ሰው ስንሄድ ግን የጥቁር አዝሙድን ሽታ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ማስመሰያውን እንዴት እንደብቀዋለን?

መልስ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም

ሁለቱንም በተመሳሳይ ካፕሱል አሽገው፣ ማስመሰያውን በሌላ የምግብ ዘይት ይሙሉት፤ ሽታው በግሳት ስለሚመለስ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በመጨረሻ እያንዳንዱን ተሳታፊ «የወሰድከው የትኛው ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ከውጤቱ ጋር አብረው ያትሙት። አብዛኞቹ በትክክል ካወቁት፣ በስሜት ነጥቡ ሳይሆን በአየር ፍሰቱ ልኬት ላይ ይደገፉ።