ልጆችን ይዞ ቢራ የሚጠምቅ እርሻ መጎብኘት እንዴት ይታያል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ፣ ከዘጠኝና ከአምስት ዓመት ልጆቻችን እንዲሁም ከእናቴ ጋር ሆነን፣ ገብሱን ራሱ ዘርቶ ቢራውንም እዚያው ግቢ ውስጥ የሚጠምቅ አንድ የገጠር እርሻ ለመጎብኘት አስበናል። እርሻው ቤተሰብ ከነልጆቹ መምጣት እንደሚችል ቢያስታውቅም ልቤ ሙሉ በሙሉ አልረጋም። እናቴ አልኮል የሚባል ነገር አትቀምስም፤ «ልጆችን መጠጥ ወዳለበት ቦታ ምን ይወስዳቸዋል?» ስትለኝም አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ልጆቹ በርግጥ የሚያዩትና የሚማሩት ነገር ይኖራል ወይስ እኛ እስክንጠጣ ድረስ ይሰለቻሉ? ውሻችንንስ ይዘን መሄድ እንችላለን? የሄዳችሁበት ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ 1

እኛ ሁለት ጊዜ ሄደናል፤ የመጀመሪያው ጉዞ አልተሳካም፣ ሁለተኛውን ግን ልጆቼ እስከ ዛሬ ያነሱታል። በመጀመሪያው ጊዜ የደረስነው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነበር። ግቢው በጠጪዎች ተሞልቶ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ ማሳው ደግሞ ጨልሞ ስለጠበቀን ልጆቹ ጠረጴዛ ስር ተኝተው ተመለስን። ሁለተኛውን ጉዞ በሥራ ቀን ጠዋት አደረግነው፤ ያ ብቻ ሁሉንም ነገር ለወጠው። የእርሻው ባለቤት አንድ እፍኝ ብቅል ለልጆቹ አቀረበላቸው፤ ትንሿ ልጄ አንዷን ፍሬ ስታኝክ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፣ ጥቂት ቆይታ ግን «ጣፈጠ!» አለች። ከዚያም ያልበቀለ ገብስ እንድታኝክ ተሰጣት፤ ያው ዘር ውሃ ጠጥቶ፣ ጥቂት ቀን በቅሎ፣ ከዚያ በሙቀት ሲደርቅ እንዴት እንደሚለወጥ ያለ ብዙ ማብራሪያ በጥርሷ ተረዳችው።

የሆፕ ማሳ ካላቸው እንዳያመልጣችሁ። ሆፕ ለቢራው ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው ሐረግ ሲሆን፣ በተወጠረ ገመድ ላይ ተጠምጥሞ አምስትና ስድስት ሜትር ድረስ ይወጣል። አበባውን ሰንጥቃችሁ በመዳፋችሁ ስታሹት ቢጫ ብናኝ ይቀራል፤ ሽታው እጃችሁን ከታጠባችሁ በኋላም አይለቅም። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ የሚለቀመው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ስለሆነ፣ ቀኑን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ያንን ወቅት ምረጡ።

ውሻውን ግን እባካችሁ ቤት ተዉት። ሆፕ ለውሻ መርዝ ነው፤ ጥሬውም ሆነ ከተቀቀለ በኋላ የተጣለው የሰውነቱን ሙቀት ለሞት እስኪያደርስ ድረስ ሊያንረው ይችላል። በእንዲህ ዓይነት ግቢ ውስጥ ደግሞ ውሻ የወደቀ ነገር ከመላስ አይመለስም።

መልስ 2

በጠመቃ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ ስለ ደኅንነቱ ልናገር። ማሳውና የከብቶቹ በረት እንደማንኛውም እርሻ ናቸው፤ የመጥመቂያው ክፍል ግን ልጅ ብቻውን የሚለቀቅበት ቦታ አይደለም። የተፈጨው ብቅል 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ የተጠለለው ጣፋጭ ጭማቂ ከሆፕ ጋር ሌላ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈላል። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ታንኮቹ የሚታጠቡበት ኮስቲክ ሶዳም ቆዳን ያቃጥላል። ስለዚህ ልጆቹ የማያንሸራትት ድፍን ጫማ ያድርጉ፤ የአምስት ዓመቱ ልጅ እጅ ደግሞ በእናንተ እጅ ውስጥ ይሁን።

ብዙ ጎብኚ የማያስበው አደጋ የሚገኘው ጭማቂው ከእርሾ ጋር በሚብላላበት በማፍያው ክፍል ነው። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ቀለምና ሽታ ሳይኖረው ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ዝቅ ብሎ ይጠራቀማል። አጭር ሰው ለእሱ ይበልጥ ቅርብ ነው ማለት ነው። በደንብ አየር በማይገባበት ምድር ቤት ወይም ክፍት በሆነ ማፍያ አጠገብ ልጆች እንዲጎነበሱ አትፍቀዱ፤ አስጎብኚው ራሱ ይህን ካላነሳ እናንተ ጠይቁት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የሚጠመቅበትን ቀን አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁና አተላው በሚወጣበት ሰዓት ድረሱ። እንፋሎቱ ገና የሚነሳ የብቅል አተላ በአካፋ ተዝቆ ሲወጣና በረድ ብሎ ለላሞቹ ሲቀርብ ማየት ለልጆች ከማንኛውም ታንክ ይበልጣል። ላሞቹ የጋሪውን ድምፅ ገና ሲሰሙ ወደ አጥሩ ይሰበሰባሉ።

መልስ 3

እኔ የእናትዎን ጥያቄ በአክብሮት ልመልሰው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጅ የሚማረው መጠጡ ከሚሠራበት ቦታ ሳይሆን ትልልቆቹ እዚያ ሆነው ከሚያደርጉት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ማን መኪና እንደሚነዳ ከቤት ሳትወጡ ወስኑ፤ ያ ሰው «ለመቅመስ ያህል» እንኳ አይጠጣ። ቅምሻው በትንንሽ ብርጭቆ ስለሚቀርብ ትንሽ ይመስላል እንጂ፣ አራት አምስቱ ሲደመር አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሊያልፍ ይችላል። ለእናትዎና ለልጆቹ ምን የሚጠጣ ነገር እንዳለም ቀድመው ይጠይቁ። «አልኮል የሌለው» ተብሎ የሚሸጥ ቢራ በብዙ አገር እስከ 0.5 በመቶ አልኮል ሊኖረው ስለሚችል፣ ጨርሶ ለማይቀምስ ሰው ሳይነገረው ማቅረብ ተገቢ አይመስለኝም።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሳችሁን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ስለ ላሞቹ ስትሰማ «እንግዲያውስ በጠዋት እንነሳ» ብላለች። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ውሻው ጎረቤት ይቆያል። ነገ ደውዬ የሚጠመቅበትን ቀን እጠይቃለሁ፤ ስለ ማፍያው ክፍል አየርም አብሬ አነሳለሁ።