ጉንዳኖቹና አፈሩ አልተስማሙልኝም

ጉንዳን የአፈርን ጤንነት ይጠቁማል ስለሚባል በሦስት ቦታ እየሞከርኩ ነው፦ ደን፣ ግጦሽና በየዓመቱ የሚታረስ ማሳ። በየቦታው ጉንዳን እየሄደ እንዲወድቅባቸው 10 የፕላስቲክ ኩባያ በ10 ሜትር ርቀት ቀበርኩ፤ አፋቸው ከመሬቱ ጋር እኩል፣ ውስጣቸው ውሃና ጥቂት ሳሙና። ከ48 ሰዓት በኋላ አወጣኋቸው።

አፈሩን ላብራቶሪ አስመርምሬያለሁ። የአፈር ጤንነት አንዱ ምልክት የሆነው ኦርጋኒክ ካርቦን (ከበሰበሰ ቅጠልና ሥር አፈሩ ውስጥ የሚቀረው) እንደጠበቅኩት ደኑ ላይ ከፍ፣ ማሳው ላይ ዝቅ ያለ ነው። ጉንዳኑ ግን ተገለበጠብኝ። ብዙ የተያዘው ማሳው ላይ ነው! አንዱ ኩባያ ብቻ 412 ይዟል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጭንቅላተ ትልልቅ ወታደር ጉንዳኖች ያሏቸው። ሄጄ ሳይ ጎሬያቸው ከኩባያው አንድ ስንዝር አይርቅም። ያንን ኩባያ አውጥቼ ደመርኩ፣ አሁንም ማሳው ይበልጣል። ደኑ ውስጥ ደግሞ የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ሳደርግ፣ ኩባያ ውስጥ ያላየኋቸው ደቃቅ ጉንዳኖች ይርመሰመሳሉ። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው፤ ምናልባት የደኑን ጉንዳን ጭራሽ አልያዝኩትም።

አሁን የቀረኝ አንድ ዙር ናሙና ብቻ ነው። የጉንዳኑን ብዛት ትቼ እያንዳንዱ ዓይነት ከአስሩ ኩባያ በስንቱ እንደተገኘ ብቻ ብቆጥር ከአፈሩ ውጤት ጋር ለማወዳደር ይበቃኛል፣ ወይስ በሦስቱም ቦታ የወዳደቀውን ቅጠል በወንፊት እየነፋሁ እንደገና ልሰብስብ?