በኢንጀክሽን የሚሠራ የሞተር መጋዝ የመተማን ሙቀት ይችላል ወይ?

ጥያቄ፦ የአዘዞው ቆራጭ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው አዘዞ ነው። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ባሕር ዛፍ እየቆረጥን አጣናና ጣውላ እናወጣለን። ደጋ ላይ ችግር የለብንም፤ ያሳሰበኝ የቆላው ሥራ ነው።

ዓምና መጋቢት ላይ ለመንገድ ጠረጋ መተማ፣ ገንዳ ውሃ ወርደን ነበር። ፈቃድ ያለው ሥራ ነው፤ መቁረጡ የእኛ፣ መጎተቱ የአሠሪው። መጋዜ 72 ሲሲ፣ ካርቡሬተር (ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ነው። ከመውረዴ በፊት እዚሁ አዘዞ አስተካክዬው ሚኒሞውም (ጋዝ ሳይሰጡት የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ጋዙም ልክ ነበር። እዚያ ስደርስ ድምፁ ቀጠነ፤ ኃይሉ የጨመረ መሰለኝና ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የደረቀ ግራር ግማሽ ላይ እንደደረስኩ ኃይሉ ወረደ፣ ወዲያው ቀጥ አለ። ገመዱን ብስበው አልንቀሳቀስ አለኝ። ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩን ነክሶ ነበር። ስድስት ቀን ያለ ሥራ ተቀምጠን የሁላችንም ቀለብ ከኪሴ ወጣ።

ዘንድሮም ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ሥራ አለ። ውጭ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ «ኢንጀክሽን ያለውን አዲሱን ላምጣልህ» ይለኛል፤ በካርቡሬተር ፋንታ ነዳጁን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጨውን ማለቱ ነው። ዋጋው የማኅበራችንን ቁጠባ ጥርግ ያደርገዋል። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ይሠራል? ቢበላሽስ ጎንደር ላይ የሚነካው ሰው አለ? የያዘው ወይም የጠገነው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ዘንድሮም እንደ ዓምናው ከሆነ ማኅበሩ መበተኑ ነው።

መልስ፦ መካኒክ፣ አውቶ ፓርኮ

ወንድሜ፣ አዲስ ከመግዛትህ በፊት አሮጌው ለምን እንደሞተ እንወቅ። የነከሰው ፒስተን እጅህ ላይ ካለ አገላብጠህ እየው። ጭረቱ በማርሚታው (በጭስ መውጫው) በኩል ብቻ ከሆነ ነዳጅ አንሶት ሞቋል ማለት ነው። ዙሪያውን ከተጫረ ዘይት አልነበረውም ወይም አንሶታል። በአየር መግቢያው በኩል ከሆነ ደግሞ አቧራ በፊልትሮው ሾልኮ ገብቷል። ሦስቱም የሚድኑበት መንገድ የተለያየ ነው።

ከነገርከን ግን የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ገንዳ ውሃ ከ800 ሜትር በታች ይወርዳል። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተሩን ስታስተካክል ነዳጁን ለስስ አየር ልክ ቀንሰህ ነው። ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፤ የነዳጁ ቀዳዳ ግን አንተ በተውክበት ነው። አየር በዛ፣ ነዳጅ አነሰ። እንደ መጋዝህ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ዘይቱ የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ነውና ነዳጅ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። ደስ ያለህ ያ ቀጭን ድምፅ ሞተሩ «ጠማኝ» የሚልበት ድምፅ ነበር። እንዲህ ሆኖ የመጣ መጋዝ በየዓመቱ በእጄ ያልፋል፤ ባለቤቱም ሁልጊዜ «ከመሞቱ በፊት እኮ ከወትሮው ይበልጥ ጎበዝ ነበር» ይለኛል።

ኢንጀክሽኑ ይህንን በሽታ ያድናል። የታወቀው ስቲል ኤም ኤስ 500 አይ ነው፤ በፈረንጆቹ 2019 ገበያ ላይ ዋለ። 79.2 ሲሲ፣ 5 ኪሎዋት፣ ያለ ባር (ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ብረት)ና ያለ ነዳጅ 6.2 ኪሎ ይመዝናል። ካርቡሬተር የለውም፣ ቾክ የለውም፣ በካቻቢቴ የሚዞር የነዳጅ ብሎንም የለውም። ባትሪም የለውም፤ ገመዱን ስትስበው ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ጎማ) ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ግፊቱንና ሙቀቱን የሚለኩ ሴንሰሮች አሉት፤ ኮምፒውተሩ በእነሱ ልኬት ነዳጁንም እሳቱንም ያስተካክላል። ጠዋት አይከል ብርድ ላይ አስነስተህ ቀትር ላይ መተማ ብትቆርጥበት ለራሱ ያውቃል።

የጠፋውን አየር ግን አይመልስም። ጎንደር ላይ የማንኛውም መጋዝ ኃይል ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል፣ ኢንጀክሽንም ሆነ ካርቡሬተር። ስለዚህ «እዚህ ሞክሬው ደካማ ነው» ብለህ እንዳትፈርድበት።

መልስ፦ ፓዊ የነበርኩ

እኔ ኢንጀክሽን ያለው ይዤ ሁለት በጋ ፓዊ ቆላ ሠርቻለሁ። ሥራ ላይ እያለ ሙቀት አላስቆመውም። የሚያስቸግረው ካጠፋኸው በኋላ ነው። ሞተሩ ሲሮጥ ቮላኖው አየር እየነፋ ያቀዘቅዘዋል፤ በድንገት ስታጠፋው ነፋሱ ይቆምና የሲሊንደሩ ሙቀት ወደ ነዳጁ መስመር ይመለሳል። ቤንዚን ውስጥ ያለው ቀላሉ ክፍል ቶሎ ይተናል፤ መስመሩ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ከዚያ ብትስበው ብትስበው አይነሳም።

የመጀመሪያ ቀን ይህን ሳላውቅ ታንኩ ሊያልቅ ጥቂት የቀረውን መጋዝ ፀሐይ ላይ በጠራራ ድንጋይ አስቀምጬ ምሳ በላሁ። ስመለስ ሀያ ጊዜ ያህል ሳብኩት፤ መዳፌ ተላጠ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፦ ከማጥፋቴ በፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል በሚኒሞ አሠራዋለሁ። ጥላ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ታንኩን ከግማሽ በታች አላወርደውም፤ ትንሽ ነዳጅ ቶሎ ይግላል። ላስነሳው ስል ነዳጅ የምትስበውን የላስቲክ ጉልላት ስምንት አሥር ጊዜ እጫናለሁ፤ አረፋው ወደ ታንኩ ተመልሶ ቀዝቃዛው ነዳጅ እስኪመጣ ድረስ። ከዚያ በሁለተኛው፣ ቢበዛ በሦስተኛው ስበት ይነሳል።

ጀሪካኑንም በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላ ሥር አድርጉ። እባክህ ወንድሜ፣ የጋለ ታንክ ክዳን በድንገት አትክፈት። ውስጡ ግፊት ይዟል፤ ቤንዚኑ እስከ ፊትህ ይረጫል፣ ከፊት ለፊትህ ደግሞ የጋለ ማርሚታ አለ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሸሚዙ ሲነድ አይቻለሁ፤ ቶሎ አንከባለልነውና ተረፈ፣ ክንዱ ላይ ግን ጠባሳው አለ። መጀመሪያ ይብረድ፣ ከዚያ ክዳኑን ቀስ እያልክ አላላው፤ ስታስነሳ ከቀዳህበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ራቅ።

የአዘዞው ቆራጭ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ፒስተኑን አየሁት። ጭረቱ በማርሚታው በኩል ነው፤ በሌላው በኩል እንደ መስታወት ያበራል። እንዳሉት ነው ጋሼ። ዓመት ሙሉ ዘይቱን ስወቅስ ነበር።

መልስ፦ የጣውላ ቤት ሒሳብ ያዥ

እኔ መጋዝ አልይዝም፤ የሦስት ቡድን ወጪ ግን በእጄ ያልፋል። ወንድሜን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቁጠባችሁን በሙሉ ለአንድ መጋዝ ከሰጣችሁ፣ ያ መጋዝ የቆመ ቀን ምን ትቆርጡበታላችሁ? ዓምና የጎዳህ የፒስተኑ ዋጋ ነው ወይስ ስድስት ቀን መቀመጡ? እኛ ጋ ሁለት መካከለኛ መጋዝ የያዘ ቡድን፣ አንድ ምርጥ ከያዘው ይልቅ ሥራውን በቀኑ ያስረክባል። ኢንጀክሽኑን አትግዙ አላልኩም፤ ሁለተኛ መጋዝ ሳይኖራችሁ አትውረዱ ነው የምለው።

መልስ፦ መካኒክ፣ አውቶ ፓርኮ

እህታችን ትክክል ናት። ስለ ጥገናው የጠየቅኸውን ሳልመልስ ቀረሁ። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የማስነሻ ገመድ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ እነዚህን እንደማንኛውም መጋዝ እንፈታለን። ኢንጀክተሩ ወይም ኮምፒውተሩ ቢታመም ግን የፋብሪካውን መመርመሪያ ይፈልጋል፤ እኔ ጋ የለም። በግምት ዕቃ እየቀያየርኩ ገንዘብህን ልበላው አልፈልግም።

ሌላም ነገር አለ። ፓራኦሊዮው (የዘንጉ ማሸጊያ ጎማ) ወይም ጓርኒሲዮኑ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) አየር ማስገባት ሲጀምር ካርቡሬተር ያለው መጋዝ ሚኒሞው ይዘልና ይነግርሃል። ራሱን የሚያስተካክለው መጋዝ ግን ነዳጅ እየጨመረ ለጊዜው ይሸፍንልሃል፤ በሽታው ሲወጣ ስር ሰድዶ ነው።

መሀል መንገድም አለ፤ ካርቡሬተር ሆኖ በኤሌክትሮኒክስ ራሱን የሚያስተካክል። ስቲል ኤም-ትሮኒክ ይለዋል፣ ሁስክቫርና አውቶቱን። ኢንጀክሽን አይደለም፤ የደጋውንና የቆላውን ልዩነት ግን እነዚህም ያስተካክላሉ።

መልስ፦ ሽማግሌው መጋዝ ያዥ

ልጆቼ፣ ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ ተባለ፤ ስለ ቤንዚኑ ማንም አላነሳም። በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ውስጥ ነጭ ጋዝ ይጨመርበታል። ነጭ ጋዝ የገባበት ነዳጅ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ሴንሰር አይቶ ነዳጁን ቤንዚን አያደርግላችሁም። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተኖ ወረቀቱ እንደነበረ ይሆናል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል። ውኃ ካለበት ለማወቅ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ውኃው ከሥር ይተኛል።

ዘይቱ የሁለት ምት መጋዝ ዘይት ይሁን፤ በ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ በመስፈሪያ ተለክቶ። በጠርሙስ ክዳን እየገመቱ የሚያፈሱትን አይቻለሁ፤ ልብ ያማል።

የደነዘዘ ሰንሰለትም ያው ነው። ግራር ቅርፊቱ አሸዋ ይይዛል፣ እንጨቱም ድንጋይ ነው፤ ነዳጅ በቀዳችሁ ቁጥር ሞርዱ። መጋዙ ፍርፋሪ ትቶ ዱቄት መትፋት ከጀመረ ደንዝዟል፤ እናንተ ስትጫኑት ሞተሩ ይቃጠላል። ማታ ማታም የሲሊንደሩን ክንፎች እዩ። ዘይት የጠጣ የእንጨት ዱቄት መሀላቸው እንደ ጭቃ ይለጠፋል፤ አየር አያሳልፍም። አንድ ቀን በቢላዋ ብጭረው አንድ እፍኝ ወጣ። ጎሚስታ ቤት ጎራ ብላችሁ በአየር አስነፉት።

የአዘዞው ቆራጭ፦

ከጓደኞቼ ጋር ተማከርን። አሮጌውን ዘንድሮ ፒስተንና ሲሊንደሩን ቀይረን እናስነሳዋለን፤ ሁለተኛ ደግሞ ካርቡሬተር ያለው ያገለገለ እንጨምራለን። ለአክስቴ ልጅ ኢንጀክሽኑ ከዚህ ሥራ ገቢ በኋላ ይሁን አልኩት። ጋሼ መካኒኩ፣ አንድ ነገር ብቻ ያሳዩኝ፦ ገንዳ ውሃ ስደርስ ብሎኑን በምን ያህል ላዙረው?

መልስ፦ መካኒክ፣ አውቶ ፓርኮ

በቁጥር አልነግርህም፤ በጆሮ ነው። እዚያ ስትደርስ ፊልትሮውን አጽዳ፣ ሰንሰለቱን ሞርድ፣ አንድ ግንድ ቆርጠህ ሞተሩን አሙቅ። ከዚያ እንጨት ሳይነካ ጋዙን ለአፍታ ሙሉ ያዝና ስማ። ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፤ «ኤች» የተጻፈበትን ብሎን ወደ ግራ በጥቂቱ፣ በጥቂቱ ክፈት። እንደ መንተባተብ ያለ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ተው። እንጨት ውስጥ ስታስገባው መንተባተቡ ጠፍቶ ድምፁ ከጠራ ልክ ነህ። አዘዞ ስትመለስ ደግሞ መልሰህ ዝጋው፤ አለዚያ ያጨስብሃል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም መጋዝ ይዘህ ና። ድምፁን እዚሁ አሰማሃለሁ፤ አንዴ ከሰማኸው አትረሳውም።

የአዘዞው ቆራጭ፦

እመጣለሁ ጋሼ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር። እነሱም ይስሙት።