እንጀራና ዳቦ ትቼ ረጅሙን ሩጫ መጨረስ አቃተኝ፤ ካርቦሃይድሬት ስንት ይብቃኝ?

ማለዳ_ሯጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ 34 ዓመት፣ ወንድ፣ ቁመት 1.74፣ ክብደት 76 ኪሎ፣ የቢሮ ሥራ። በሳምንት አራት ቀን፣ በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፦ ቅዳሜ 16፣ በሌሎቹ ሦስት ቀናት 8 8፤ ከነዚያ አንዱ ኢንተርቫል (ፈጣኑንና ቀስታውን እያፈራረቁ መሮጥ) ነው። ከ12 ሳምንት በኋላ ግማሽ ማራቶን አለኝ፤ እስከዚያ 72 መግባት እፈልጋለሁ። ለዚህ ብዬ እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ ትቼ በእንቁላል፣ በጥብስና በሰላጣ ነው የምውለው። ሚዛኑ መጀመሪያ ቶሎ ወረደ፣ አሁን ግን ቆሟል። ቅዳሜ 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስደርስ እግሬ ይታሰራል፤ ማታ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ እበላለሁ። ካርቦሃይድሬቱን ልመልስ ወይስ ሰውነቴ እስኪለምድ ልታገሥ? ከመለስኩስ ስንት ግራም?

ስንቅ_በኪሎ፦
መልሰው ወንድሜ። መጀመሪያ ላይ የወረደልህ ባብዛኛው ውሃ ነው። ጡንቻ ከ300 እስከ 500 ግራም፣ ጉበት ደግሞ እስከ 100 ግራም የሚደርስ ግላይኮጅን (ሰውነት ለጉልበት የሚያስቀምጠው ካርቦሃይድሬት) ያከማቻሉ፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጀራና ዳቦ ስታቆም ክምችቱ ይጎድላል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል፤ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቢወርድም ስቡ ገና አልተነካም። 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚያስርህም ይኸው ነው፦ ሳይሞላ የጀመርከው ክምችት እዚያ ላይ ያልቃል።

«ሰውነት ይለምዳል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ካርቦሃይድሬት ሲጠፋ ስብ የማቃጠል አቅም ይጨምራል፤ ነገር ግን ከስብ ያንኑ ያህል ጉልበት ለማውጣት የበለጠ ኦክስጅን ያስፈልጋል። ለቀስታ ሶምሶማ ምንም አይደለም። በውድድር ፍጥነት፣ ያውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ ውስጥ፣ ትርፍ ኦክስጅን የለህም።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ሩጫ በአንድ ኪሎ ሜትር ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ካሎሪ ገደማ ይፈጃል፤ የቅዳሜው 16 ኪሎ ሜትር ላንተ 1,200 ካሎሪ አካባቢ ነው። ሳትሮጥ የምትውልበት ቀን ደግሞ 2,250 ገደማ ያስፈልግሃል። ስለዚህ ካርቦሃይድሬቱን በየቀኑ እኩል አትብላው፣ እንደ ሥራው አከፋፍለው። በእረፍት ቀን በኪሎ ክብደት 3 ግራም፣ ማለትም 230 ግራም። በቀላል 8 ኪሎ ሜትር ቀን 4.5 ግራም፣ 340 ያህል። ኢንተርቫል ባለበት ቀን 5.5፣ ወደ 420። በረጅሙ ሩጫ ቀን ከ6.5 እስከ 7፣ ወደ 500 እና ከዚያ በላይ። ፕሮቲኑ ሁሉንም ቀን 120 ግራም ይሁን፤ ስቡን ከ55 እስከ 70 ግራም ላይ ያዘው። እንዲህ ሲሰላ የእረፍትና የቀላል ቀናት ጉድለት ከ350 እስከ 420 ካሎሪ ይሆናል፣ የከባድ ቀናቱ ከ100 እስከ 220 ብቻ። በሳምንት ተደምሮ 300 ግራም ስብ አካባቢ ይወጣል። በ10 ሳምንት 3 ኪሎ ማለት ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት መቀነስ አቁም። 72 ሳይሆን 73 ትገባለህ፣ ግን 21 ኪሎ ሜትሩን የሚሮጥ እግር ይዘህ።

100 ግራም የጤፍ እንጀራ ከ30 እስከ 35 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ እንደ ሊጡ ቅጥነት ይለያያል። የቤትህን አንድ እንጀራ በኩሽና ሚዛን መዝነው፤ 300 ግራም ከሆነ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት ብለህ ያዝ። የተቀቀለ ሩዝ በ100 ግራም 28፣ የተቀቀለ ድንች 20፣ የበሶ ዱቄት ከ70 በላይ፣ አንድ መካከለኛ ሙዝ 27። ከዚህ የበለጠ ዝርዝር ውስጥ መግባት አያስፈልግህም።

ቀጭን_ወጥ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ አይለፍ። በእኛ ገበታ ላይ የሚያወፍረው ከእንጀራው ይልቅ ወጡ ላይ ያለው ዘይትና ቅቤ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ላንተ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሩጫ ማለት ነው። ቀይ ወጥ ሲሠራ ለአንድ ሰው ድርሻ ሦስት ማንኪያ መግባቱ የተለመደ ነው። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላ፣ ሲይዝ በትንሽ በትንሹ ውሃ ጠብ አድርግ፣ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ ብቻ ጨምር። እንጀራው ሳይነካ 240 ካሎሪ ቀነስክ። ማኪያቶና ሻይ ላይ ያለውን ስኳርም ቁጠረው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ነው፣ በቀን አራት ስኒ በሁለት በሁለት ማንኪያ 32 ግራም ይሆናል። በሩጫ ላይ ቢሆን የአንድ ሰዓት ስንቅ ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ግን ጥቅም የለውም። ቢራና ድራፍትም እንዲሁ።

ሰው ስለ ታላላቆቹ ሯጮቻችን እያነሳ «እነሱ በኪሎ 10 ግራም ነው የሚበሉት» ይላል። እውነት ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ወደዚያ የተጠጋ መጠን፣ ከዕለት ጉልበታቸውም 64 በመቶ ገደማው ከካርቦሃይድሬት እንደሆነ አሳይቷል። ግን በቀን ሁለቴ የሚሮጥ ሰው ሰሃን በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ አይሆንም። የሚወሰደው ሐሳብ ዓይነቱ ነው እንጂ መጠኑ አይደለም።

የእንጦጦ_ዳገት፦
የቅዳሜውን ሩጫ በተመለከተ። ጠዋት 12 ሰዓት የምትነሳ ከሆነ ዋናው ምግብ የዓርብ እራት ነው፤ እዚያ ላይ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት ይግባ። ሌሊት የሚጎድለው የጉበቱ ክምችት ስለሆነ ከመውጣትህ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በፊት 40 ግራም ያህል ውሰድ፦ አንድ ሙዝና ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ይበቃል። በሶ የሚስማማህ ከሆነ 40 ግራም ዱቄት ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ጋር ቀጠን አድርገህ በጥብጠህ ጠጣ፤ እሱን ግን ከአንድ ሰዓት በፊት። በሶን ወፍራም አድርጎ ወይም ሩጫው መሃል ላይ መውሰድ ሆድ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቃጫው ብዙ ነው፣ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም።

ለመንገድ፦ 1 ሊትር ውሃ፣ 60 ግራም ስኳር (አምስት ልክ የሾርባ ማንኪያ)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ስኳር ራሱ ግሉኮስና ፍሩክቶስ በእኩል ስለሆነ የተለየ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም። ከ30ኛው ደቂቃ ጀምረህ በየ20 ደቂቃው 150 ሚሊ ሊትር ጠጣ፤ በሰዓት 27 ግራም ይሰጥሃል። በሰዓት ሦስት ትናንሽ ቴምር ስትጨምርበት 40 ግራም ይሆናል፤ ለ16 ኪሎ ሜትር ይህ በቂ ነው። ሰዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት በሦስት ነገር ነው። እስኪደክማቸው ድረስ ይቆያሉ፤ ያኔ የተወሰደው ሥራ ላይ እስኪውል ሩጫው ያልቃል። ወይም ስኳሩን አብዝተው 100 ግራም በሊትር ያደርጉታል፤ አንጀት ውስጥ ውሃ ይስብና ተቅማጥ ያመጣል። ለስላሳ መጠጥም በዚያው ልክ የወፈረ ነው፣ ጋዙ ተጨምሮበት። ሦስተኛው ደግሞ ክብደት ለመቀነስ ብሎ በባዶ ውሃ መሮጥ ነው። እዚያ ያተረፍከውን 200 ካሎሪ ማታ በእጥፍ ትበላዋለህ፤ ያንተም የማታ ረሃብ መነሻው ይኸው ይመስለኛል።

ስትመለስ በአንድ ሰዓት ውስጥ 75 ግራም ካርቦሃይድሬትና ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን። ቀጣዩ ሩጫ ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ለክምችቱ ሲባል መቸኮል አያስፈልግም፤ ጥቅሙ ማታ እንዳይርብህ ነው።

ማለዳ_ሯጭ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሩጫ ቀን ዘይትና ቅቤውን ቀንሼ እንጀራውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከሳምንቶቹ የሚበዙት ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃሉ፣ የምጾመውም እስከ 9 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ እንዴት ይደረጋል?

ሰኞ_እረፍት፦
ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ ዕቅድ ይፈልጋል እንጂ ከሩጫ ጋር አይጋጭም። ቅዳሜና እሑድ የጥሉላት ጾም እንጂ የሰዓት ጾም የለም (ከቀዳም ሥዑር በቀር)፤ ስለዚህ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ላይ ተወው፣ ከላይ የተባለውን ሁሉ ሳትቀንስ ታደርጋለህ። እሑድ ቅዳሴና ቁርባን ካለህ ለእረፍት ትሁን። ኢንተርቫሉን ወደ ማታ አዙረው፦ 9 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ሩዝ ወይም ድንች ከትንሽ ወጥ ጋር 80 ግራም ካርቦሃይድሬት ብላ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ሩጥ፣ ከዚያ ዋናውን እራት። ቀላሉን 8 ኪሎ ሜትር ጠዋት ባዶ ሆድ መሮጥ ይቻላል፤ ፍጥነቱ እያወራህ የምትሮጠው ይሁን። ይህን የምለው ለአመቺነቱ ነው፤ በባዶ ሆድ የተሮጠ ስብ ቢያቃጥልም የሰውነትን ስብ የሚወስነው የቀኑ ጠቅላላ ሂሳብ ነው።

ጾም ላይ የሚጎድለው ካርቦሃይድሬት አይደለም፣ ፕሮቲን ነው። 120 ግራም ይከብዳል፣ 100 ላይ ድረስ፦ 300 ግራም የበሰለ ምስር 27፣ ከ80 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ 17፣ 400 ግራም እንጀራ 18 ገደማ፣ 50 ግራም ለውዝ 13፣ 50 ግራም ደረቅ የአኩሪ አተር ሥጋ 25። ለውዙን ግን መዝነው፤ በእፍኝ ሲበላ 50 ግራሙ ሳይታወቅ 150 ይሆናል፣ ያ ወደ 850 ካሎሪ ነው። የጾም ጊዜ ሰው የሚወፍረው በዘይትና በለውዝ ነው።

እህት_ሯጭ፦
ይህን ቁጥር እያነበቡ ለራሳቸው ለሚያሰሉ ሴቶች አንድ ማሳሰቢያ። የምትበሉት ላይ ሩጫው የፈጀውን ቀንሱና የቀረውን ከስብ ውጪ ባለው ክብደታችሁ አካፍሉት። 58 ኪሎ ሆና 44 ኪሎው ስብ ያልሆነ ሴት 1,800 ካሎሪ በልታ 10 ኪሎ ሜትር ብትሮጥ፣ 1,220 ሲካፈል ለ44 ወደ 28 ይመጣል። ከ30 በታች ሆኖ ሲቆይ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ቅልጥምና እግር ላይ ስንጥቅ ይመጣል። የወር አበባ መቅረት «ስለሚሮጥ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ መቀነሱን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወንዶችም ቅልጥም ላይ በጣት ሲነካ የሚያምም አንድ ነጥብ፣ የማይለቅ ጉንፋን፣ የእንቅልፍ መዛባት ካያችሁ ያው ነው። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም እንክብል የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ሳይነጋገር ካርቦሃይድሬትም ሩጫም አይቀያይር።

ስንቅ_በኪሎ፦
እህታችን ያለችው ከኔ ስሌት መቅደም ነበረበት።

ሚዛን ላይ የምትወጣው ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይሁን፤ የየቀኑን ሳይሆን የሰባቱን ቀን አማካይ አወዳድር። እንጀራውን ስትመልስ በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ይጨምራል፤ የተመለሰው ክምችትና ውሃው ነው፣ ደንግጠህ እንዳታቆም። አማካዩ ከሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ካልወረደ ከእረፍት ቀን ላይ ሩብ እንጀራና አንድ ማንኪያ ዘይት ቀንስ፤ ከቅዳሜው ምንም አትንካ። በሳምንት ከ700 ግራም በላይ ከወረደ ደግሞ በኢንተርቫሉ ቀን ግማሽ እንጀራ ጨምር። ከውድድሩ በፊት ባለው አንድ ቀን ተኩል በኪሎ 8 ግራም፣ በቀን 600 ግራም አካባቢ፣ ከሩዝ፣ ከፓስታና ከነጭ ዳቦ ይምጣ፤ ምስር፣ ሽሮና ጥሬ ሰላጣን ያን ቀን ተዋቸው፣ ጋዝና ቃጫቸው መንገድ ላይ ያስቸግራል።